የግራው የፊት ጎማ

በሰው ፊት "ተሳስቻለሁ" ከማለት ጥርሴን ባስነቅል የምመርጥ ሰው ነበርኩ። ይህን ከወዲሁ የማምንላችሁ ታሪኩን ስታነቡ መናደዳችሁ ስለማይቀር ነው። ተናደዱ፣ አልከፋም። እኔም በራሴ ላይ ንዴቴ ገና አልወጣልኝም።

አሶሳ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። ለሁለት ዓመት ብዬ መጥቼ ስምንት ዓመት ተቀመጥኩ። ባለቤቴን ብዙአየሁንም ያገኘኋት እዚሁ ነው፤ እሷም መምህርት ናት። የተከራየነው ቤት ግቢው ሰፊ ነው፤ ከጎረቤት የሚለየን ደረት የሚደርስ የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ሼህ ሐሩን ይኖራሉ።

ሼህ ሐሩን የአካባቢው ተወላጅ፣ በርታ ናቸው። በጉልምስናቸው ወደ ኩርሙክና ወደ ሱዳን የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ አሁን እርሻቸውንና ማንጎአቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አማርኛ የተማሩት በመንገድ ላይ ስለሆነ ወንዱንና ሴቱን ያቀላቅሉታል፤ እኔን ግን አንድም ቀን አልቸገረኝም። ሰላምታቸው አያልቅም። ስለ እኔ ይጠይቃሉ፣ ስለ ብዙአየሁ፣ ስለ ደብረ ብርሃን እናቴ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ በመጨረሻም "መኪናውስ ደህና አደረ?" ይላሉ። የሚጠሩኝ "ኡስታዝ" እያሉ ነው፤ በእነሱ ዘንድ መምህር ማለት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህ አጠራር በጣም ይጥመኝ ነበር።

መኪናው አሮጌ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ነው። ባለፈው ክረምት ጭቃው ሲያስመርረኝ ሰፋፊ ጎማዎች ገዝቼ ገጠምኩለት። ጭቃውን ቻለው፤ ነገር ግን መሪውን እስከ መጨረሻ ስጠመዝዝ የፊት ጎማዎቹ ከውስጥ በኩል ብረቱን ይፈገፍጉት ጀመር። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ይህን ሰምቶ ሁለት ስፔሰር በአውቶቡስ ላከልኝ። ለማታውቁት፣ ስፔሰር ማለት ጎማውን ወደ ውጭ ገፋ የሚያደርግ ወፍራም የብረት ቀለበት ነው። መጀመሪያ ቀለበቱ ጎማው በሚታሰርበት የብረት ፊት ላይ፣ መካኒኮች ሞዞ በሚሉት ላይ፣ ከሱ በወጡት ስድስት ቡሎኖች ጫፍ በሚጠብቁ ስድስት ዳዶዎች ይታሰራል። ከዚያ ጎማው ራሱ በቀለበቱ ላይ በሌላ ስድስት ዳዶ ይታሰራል። ጎማው ከገባ በኋላ የውስጦቹ ስድስቱ አይታዩም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ሊጠይቁኝ መጥተው ማንጎ ዛፉ ሥር ሻይ እየጠጡ ነበር። እኔም ተመልካች ማግኘቴን ሳይ ሥራውን ያን ቀን ጀመርኩት። የሠራሁት ሁሉ ስህተት እንዳይመስላችሁ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቆምኩ፣ ለኋላ ጎማዎች ድንጋይ አደረግኩ፣ ክሪኩን ብቻ ሳላምን ከሥሩ ወፍራም ግንድ ደገፍኩበት፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩ። እያንዳንዱን ደግሞ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ አስረዳለሁ። የቀኙ በደንብ ገባ። የግራው ግን አልቀመጥ አለ። የሞዞው ፊት ዝገት በልቶት ስለነበር በቀለበቱና በሱ መካከል ጥፍር የምታስገባ ክፍተት ቀረች።

ማድረግ የነበረብኝ ግልጽ ነው። ንጹሕ ብረት እስኪታይ መፈግፈግ፣ አሁንም ካልተቀመጠ መልሶ አውልቆ ባለሙያ መጠየቅ ነበር። እኔ ግን ለላስቲክ የተለየ ፍቅር አለኝ። ቧንቧ ሲያፈስ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ቆርጬ አስራለሁ፤ በር ሲንገጫገጭ ላስቲክ፣ የባልዲ እጀታ ሲበጠስ ላስቲክ። ቤታችን ውስጥ በላስቲክ ያልተጠገነው ትዳራችን ብቻ ነው ትላለች ብዙአየሁ። እናም መቀስ አምጥቼ ከውስጥ ጎማ ክብ ቁራጭ ቆረጥኩ፣ ለስድስቱ ቡሎኖች ቀዳዳ አወጣሁለት፣ በሞዞውና በቀለበቱ መካከል አስገባሁትና በላዩ ላይ አጠበቅኩ። ክፍተቷ ጠፋች። "ንዝረትም ይቀንሳል" ብዬ አስረዳሁ። ባልደረቦቼ አደነቁኝ።

ቀና ስል ሼህ ሐሩን እጃቸውን አጥሩ ላይ አድርገው ቆመው ያያሉ።

"ኡስታዝ፣ ይሄ ላስቲክ ውስጥ ይቀራል?" አሉኝ።

እንደ ትራስ ሆኖ እንደሚያገለግል ነገርኳቸው። "ማሻአላህ" ብለው ሄዱ። እኔ እንደ አድናቆት ነው የቆጠርኩት። ሲመሻሽ እንግዶቼ ከሄዱ በኋላ ተመልሰው መጡ። ሰላምታው አለቀና ነገ ጎማውን ፈትቼ ውስጡን አየው እንደሆነ ጠየቁኝ። ዛሬ ያሰርኩትን ነገ የምፈታው ለምንድን ነው ብዬ ሳቅኩ። እሳቸውም አብረውኝ ሳቁና ደህና እደር ብለውኝ ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት የጎማ መፍቻውን ይዤ ወጣሁና የውጮቹን ዳዶዎች አንድ በአንድ ሞከርኩ፤ ሁሉም ጠብቀዋል። የውስጦቹን ለማየት ጎማውን ማውለቅ ይጠይቃል። እሁድ ነው፣ ማን ያወልቃል?

ሐሙስ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ቤት ገብቼ ሳለሁ ሼህ ሐሩን በሩ ላይ ቆሙ። ሰላም አላሉኝም። ያ ብቻውን አስደነገጠኝ።

"ኡስታዝ፣ ሐዋ ምጥ ይዞታል። ከትናንት ጀምሮ ነው። ልጁ አልወጣም።"

ሐዋ አንድ ልጃቸው ናት። ያገባችው ከሆሞሻ ወዲያ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። ባሏ ባበክር ደውሎ የቀበሌው ጤና ሠራተኛ ቶሎ አሶሳ ሆስፒታል ውሰዷት እንዳለች፣ አምቡላንሱ ደግሞ ሌላ እናት ይዞ በሌላ አቅጣጫ እንደሄደ ነግሯቸዋል። ጉርሻዬን ሳልውጥ ቁልፉን አነሳሁ። መኪናው ጋ ስንደርስ ሼሁ በግራው የፊት ጎማ ፊት ለፊት ቆም አሉ።

"ጎማውን ፈትተህ አየህ?"

"አዎ ሼህ፣ አይቻለሁ" አልኩ።

ዋሸሁ። ለመዋሸት ብዬም አይደለም፤ ስለ ጎማ የሚወራበት ጊዜ መስሎ ስላልታየኝ ነው። ፊቴን አዩኝ፣ ከዚያ በሩን ከፍተው ገቡ።

በከተማው ውስጥ ምንም አልነበረም። ዋናውን መንገድ ይዘን ስንፈጥን መሪው ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ፍጥነቱ ነው አልኩ። ሆሞሻ ስንደርስ ሼሁ ወርደን ሰው ሰላም እንበል አሉኝ። ልጃቸው ምጥ ላይ ሆና ሰላምታ! የአገሩ ልማድ በዚህ ሰዓት እንኳ የማይቀር መስሎኝ ውስጤ ተቆጣ። ስንመለስ ይደርሳል ብዬ አለፍኩ። ከዋናው መንገድ ወጥተን ቀዩን የአፈር መንገድ እንደያዝን ደግሞ ውሃ ልጠጣ አቁምልኝ አሉ። የውሃ ጠርሙስ ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ያንኑ ይጠጡ አልኳቸው። አልጠጡም። ጠርሙሱን ይዘው ጆሯቸውን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው ተቀመጡ።

ከታች የሚመጣውን ድምፅ እኔም እሰማው ነበር፤ አልሰማሁም ብል ሌላ ውሸት ይሆናል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል። ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስቀንስ ይቀንሳል። የመንገዱ ድንጋይ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ድንጋይ ከመኪና ፍጥነት ጋር እየተስማማ እንደማይንኳኳ ለማወቅ የፊዚክስ መምህር መሆን አያስፈልግም። ከፊታችን መንገዱ ወደ ወንዝ የሚወርድ ቁልቁለት ታየ፤ ከታች መደገፊያ የሌላት ጠባብ ድልድይ አለች።

"ኡስታዝ፣ አቁም" አሉ።

በስምንት ዓመት ውስጥ ሲያዙኝ የመጀመሪያው ነበር። ድምፃቸው ከፍ አላለም። እግሬ ሳላስበው ፍሬን ላይ አረፈ።

ወርደው ግራው ጎማ ጋ ተንበረከኩ። እኔ ቀድሜ መፍቻውን አውጥቼ የውጮቹን ዳዶዎች ሞከርኩና ይኸው ጠብቀዋል አልኳቸው። "ውጩ ደህና ነው። ውስጡን እንየው" አሉ። ሰዓቴን አየሁ። ሐዋ እየጠበቀች ነው ልላቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ አባቷ እኔ ነኝ ወይስ እሳቸው? ድንጋይ አደረግን፣ በክሪክ አነሳን፣ ጎማውን አወለቅን።

ቀለበቱ በእጄ ተወዛወዘ። ከስድስቱ የውስጥ ዳዶዎች አንዱ የለም፤ ወልቆ ከጎማው ጀርባ ወድቋል። ሁለቱ በጣቴ ዞሩ፣ የቀሩትም ላልተዋል። አንዱ ቡሎን ጥርሱ ተበልቷል። ትራስ ያልኩት ላስቲክ ተጨፍልቆ፣ ተፈጭቶ እንደ ጥቁር ፍርፋሪ እየረገፈ ነው። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ዳዶ የሚይዘው ብረትን ከብረት ጋር አጣብቆ ሲጨምቅ ነው። መሐላቸው የሚጨፈለቅ ነገር ካለ፣ ላስቲኩ በሳሳ ቁጥር ዳዶው የሚጨምቀው ያጣል፣ ይላላል። በዚያው ሳምንት ሰኞ ሰበቃ ምን እንደሆነ፣ ተጭኖ የሚይዝ ኃይል ምን እንደሆነ ክፍል ውስጥ አስተምሬ ነበር። ወደ ቁልቁለቱ አየሁ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሼህ ሐሩን አልተቀመጡም። ቀለበቱን አወለቁ፣ ከራሳቸው ላይ ነጩን ጥምጣም ፈቱና የሞዞውን ፊት ይጠርጉ ጀመር። ላስቲኩን በጥፍራቸው እየፋቁ፣ በጥምጣሙ እየጠረጉ፣ እንደገና እየፋቁ። ልጃቸው ከወንዙ ማዶ እያማጠች ነው። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ጮኸ፤ ባበክር ነው። በበርታኛ ጥቂት ቃል ተናግረው ዘጉት። ምን እንዳሉት አልጠየቅኩም። እጃቸው ግን አልተጣደፈም። ነጩ ጨርቅ ዝገትና ጥላሸት ሆነ።

ጎማውን ያለ ቀለበት በቀጥታ ሞዞው ላይ መለስነው። በአምስት ቡሎን ነው የያዘው። ላጠብቅ ስል እጄን ያዙኝ፤ አንዱን ትንሽ፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን ትንሽ፣ እንደገና ዞሮ ትንሽ፣ መጨረሻውን ደግሞ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ አሉኝ። የማላውቀው ነገር አልነበረም፤ ቅዳሜም እንዲሁ ነበር ያደረግኩት። ዝም ብዬ እንደታዘዝኩ አደረግኩ። የቀኙን ያለ ላስቲክ ስለገባ እንተወው ብላቸው ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ከእንግዲህ ምኑን አምኜ? እሱንም አወለቅነው። ስንጨርስ አርባ ደቂቃ ሄዷል።

ሐዋን ስናገኛት ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኖቿ ጠልቀው ነበር። ባበክርና አክስቷ ተሸክመው ከኋላ ወንበር አስገቧት፤ አክስቷ ጭኗ ላይ አስተኛቻት። ባበክር ከኋላ ጭነት መጫኛው ላይ ወጣ። ቀለበቶቹ ስለሌሉ መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር ጎማው ከውስጥ ብረቱን ይፈገፍጋል፣ መኪናው ይርገፈገፋል፣ ሐዋ ታቃስታለች። በሰፊው እየዞርኩ፣ መሪውን እያባበልኩ ነዳሁ። ሼህ ሐሩን ከጎኔ ሆነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔም የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ቀላቅዬ እላለሁ። ያቺ አርባ ደቂቃ አንገቴ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ሆስፒታል እንደደረስን ወዲያው ለቀዶ ሕክምና አስገቧት። የልጁ የልብ ምት እየደከመ እንደሆነ አንዲት ነርስ ነግራን በሩን ዘጋች። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ ባበክር ግን መቀመጥ አልቻለም፣ ወጣ። ብቻችንን ስንቀር ዝም ማለት አቃተኝ።

"ሼህ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ጎማውን ፈትቼ አላየሁትም።"

"አውቃለሁ" አሉ።

"አውቀው ነው የገቡት?"

"ሌላ መኪና የለም። ልጄም አንድ ነው።"

አለቀስኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሰው በሚመላለስበት ኮሪደር ውስጥ ፊቴን በሁለት እጄ ይዤ አለቀስኩ። ታዲያ ያን ቅዳሜ ላስቲኩን ስቆርጥ እያዩኝ ለምን ዝም አሉኝ አልኳቸው፤ በእንባዬ ውስጥ ቁጣም ነበረበት።

"እንግዳ ነበረ" አሉ ቀስ ብለው። "አንተ ኡስታዝ ነህ። ኡስታዝ በሰው ፊት አይታረምም፣ እኛ ጋ ነውር ነው። ሰው ሲሄድ መጣሁ። ጠየቅኩ። አንተ ሳቅክ።" "እኔም ጥፋት አለብኝ። ሁለተኛ መምጣት ነበረብኝ" አሉ።

ከሁሉም ያቺ የመጨረሻዋ ነች የጎዳችኝ። ጥፋቱን በሙሉ እኔ ላይ ቢጭኑት እሸከመው ነበር፤ ተካፈሉኝ። በመንገድ ላይ ሰላምታና ውሃ ያሉኝም ለካ ሳያሳፍሩኝ ሊያስቆሙኝ ነበር። የገዛ ልጃቸው ሕይወት አደጋ ላይ ሆኖ እንኳ ክብሬን ሊጠብቁልኝ ሁለት ጊዜ ሞክረዋል።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ነርሷ በሩን ከፈተች። ሴት ልጅ ናት፣ መጀመሪያ አላለቀሰችም ነበር፣ አሁን አልቅሳለች አለችን። ሐዋም ተርፋለች። ሼህ ሐሩን "አልሐምዱሊላህ" ብለው እጄን ያዙ። እጃቸው ላይ የሞዞው ዝገት እንዳለ ነበር። ሌላ አርባ ደቂቃ ቢጨመር ኖሮ፣ ወይም ያቺ አርባ ደቂቃ ባትባክን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሐኪሙን ልጠይቅ ፈልጌ ፈራሁ። እስከ ዛሬም አልጠየቅኩም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ስፔሰር አትግጠሙ የምላችሁ እንዳይመስላችሁ። ከፈለጋችሁ ግጠሙ፤ ከመኪናችሁ ጋር የሚስማማ ይሁን፣ ብረቱን አጽዱት፣ በመሐል ምንም አታስገቡ፣ ጥቂት ከነዳችሁ በኋላ ጎማውን አውልቃችሁ የውስጦቹን እንደገና አጥብቁ። ይህን ማንም መካኒክ ይነግራችኋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። የሚያውቅ ሰው ከአጥሬ ማዶ ቆሞ አይቶኛል፤ እኔም ሰውዬው ሊነግረኝ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ በሳቄ ዘግቼበታለሁ። መከበር ይጥመኝ ነበር ብያችኋለሁ አይደል? ያ ክብር ሰዉን ዝም አሰኝቶልኝ ነበር። እናንተም አባወራ፣ አለቃ፣ መምህር፣ ወይም በቤታችሁ ታላቅ ከሆናችሁ፣ ማን እያያችሁ ዝም እንዳለ አስቡት።

ቅዳሜ ዕለት እነዚያኑ ሦስት ባልደረቦቼን ጠርቼ ሼሁ ባሉበት ሁሉንም ነገርኳቸው። ላቤ ጠብ እያለ ነው የጨረስኩት። ሼህ ሐሩን ለእኔ አፍረው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ሰኞ ደግሞ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ስጨርስ፣ እስከ ዛሬ ሰሌዳ ላይ ተሳስቼ አይታችሁ ዝም ያላችሁኝ ነገር ካለ አሁን ንገሩኝ አልኩ። አንድም እጅ አልወጣም። ደወል ሊደወል ሲል ከኋላ ወንበር አስያ የምትባል፣ ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ ደብተሯን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ባለፈው ሳምንት ስለ ሰበቃ ያሠራኋቸውን ጥያቄ ገለጠችልኝ። ሰሌዳ ላይ የሳልኩትን ሥዕል በእስክሪብቶ እንዳለ ገልብጣዋለች፤ ከሥሩ ያንኑ ሥዕል በእርሳስ በትንሹ ደግማ ሥላ፣ የሰበቃውን ቀስት ወደ ሌላው ጎን አዙራዋለች። አየሁት። ትክክሉ የእርሳሱ ነው። ስድሳ ተማሪ የእኔን ስህተት ገልብጦ ቤቱ ገብቷል።

"አስያ፣ ፈተና ላይ ቢመጣ የትኛውን ልትጽፊ ነበር?" አልኳት።

ደብተሯን ዘጋች።

"የእርስዎን" አለችኝ።